ኤፒ የአልጋ ላለመክፈል ብሎ

ወንድሜን ኤፒን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከእሱ ጋር ለጉዞ መውጣቴን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ነካሽ?» ብሎ ነው። ኤፒ ቋጣሪ ነው። ቋጣሪ ስል ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ ብልህ ሰው ማለቴ አይደለም። ለአንድ ነገር ገንዘብ የከፈለ ዕለት ተሸነፍኩ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ማለቴ ነው። የደሴቶቻችን ዋና ከተማ አምቦን ውስጥ ስልክ የሚጠግንበት ሱቅ አለው፤ ሥራው ጥሩ ነው፤ ችግር አያውቀውም። ከሱቁ ፊት ለፊት ግን አንድ ርካሽ ማረፊያ አለ፣ ቦርሳ በጀርባቸው አዝለው የሚዞሩ ፈረንጆች ያርፉበታል። ሙዝ ብቻ በልተው ሲውሉ፣ ከባለ ሞተር ሳይክል ጋር ለሳንቲም ሲጨቃጨቁ፣ መርከብ ወለል ላይ ተኝተው ከደሴት ደሴት ሲዞሩ አየና ቀናባቸው። «ኑሮ የገባቸው እነዚህ ናቸው» አለ። ብዙም ሳይቆይ እሱን ራሱን የሚያህል፣ ማሰሪያው የማያልቅ አሮጌ ቦርሳ ከሰልባጅ ተራ ገዝቶ መጣ።

እኔ ደግሞ አማሄሉ የምትባል መንደር የምሄድበት ሰበብ ያስፈልገኝ ነበር፤ አባታችን ብቻዬን አይለቀኝም። አማሄሉ ከሳፓሩዋ ደሴት ባሻገር ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ያለች መንደር ናት። የኦቤት መንደር ናት። ኦቤት የጭነት ጀልባ ላይ ይሠራል፤ ቅርንፉድና የደረቀ ኮኮናት ጭኖ አምቦን ሲመጣ ነው የተዋወቅነው። ሊያገባኝ ይፈልጋል፣ እኔም እፈልጋለሁ፣ የቀረችን እናቱ ብቻ ነበረች። ማማ ባቺ የከተማ ልጅ ዓይኗን ማየት አትወድም። የከተማ ልጅ ዓሣ ማጽዳት አታውቅም፣ ከዘንባባ ግንድ ዱቄት የሚሠራውን የሳጎ ገንፎ ስታይ ዳቦ አምጡልኝ ትላለች፣ ብላ ስንቷን አባራበታለች።

ዘዴውን ያመጣው ኦቤት ነው። እናቱ ለእንግዳ የምታከራያቸው ክፍሎች አሏት። እንደማንኛውም ተጓዥ ቦርሳዬን አዝዬ ሄጄ እዚያ አርፋለሁ፣ ኪራዬን በወጉ እከፍላለሁ፣ ወጥ ቤት ገብቼ እጄን አሳያታለሁ። እሱ ቅዳሜ በጀልባው ሲደርስ፣ እሷ ከወደደችኝ በኋላ፣ «ማማ፣ ይቺ ናት» ይላታል። ለኤፒ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ኤፒ ጋ የገባ ወሬ ማታውኑ አባቴ ጆሮ ይደርሳል። «ደሴቶቹን በርካሽ እንዙር» አልኩት፤ «በርካሽ» የምትለዋ በቃችው።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። ሃሩኩ ደሴት ላይ ለቄሱ የመዘምራን ቡድን ነን ብሎ ነገራቸውና ቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ላይ አሳደሩን። በነጋታው እሑድ ነበር። ቡድኑ ሁለት ሰው ብቻ መሆኑ ያልገረማቸው ምእመናን ፊት ቆመን ዘመርን፤ ኤፒ ግጥሙን ስለማያውቀው አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ወደ ሳፓሩዋ ስንሻገር ከባለ ጀልባው ጋር ሲከራከር፣ ሲከራከር፣ ሰውየው ሰልችቶት ጥሎን ሄደ። ቀኑን ሙሉ ወደቡ ላይ ፀሐይ ጠበሰን፤ ምሳችን ሻይ ውስጥ ካልነከሩት ጥርስ የሚያወልቅ የሳጎ ዳቦ ነበር። ሳፓሩዋ ላይ ደግሞ ድንኳን የተተከለበት ቤት አየና እጄን ይዞ ለቅሶ ቤት አስገባኝ። «ሟቹን በጣም አውቀዋለሁ» አላቸው። ሟቹ ወንድ ይሁን ሴት ሳላውቅ አለቀስኩ። ለካ ሴትዮ ኖራለች። ምግብ አቀረቡልን፣ ምንጣፍ አነጠፉልን፣ ኤፒ ጠግቦ ተኛ። እኔ አንጀቴ እያረረ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ አደርኩ።

ቢሆንም ቻልኩት። አማሄሉ ስደርስ ሁሉም ያልፋል እያልኩ ቻልኩት።

ማማ ባቺን ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ኮኮናት ስትፈቀፍቅ አገኘናት። አጭር፣ ወፍራም፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። ክፍል እንፈልጋለን ስላት ዋጋውን ነገረችኝ፤ ርካሽ ነው፣ ውድም ቢሆን እከፍል ነበር። ኤፒ ግን ግድግዳውን እያንኳኳ፣ ፍራሹን እየጫነ፣ ለዚህች ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ይል ጀመር። ተወኝ አልኩት፣ እኔ እከፍላለሁ አልኩት። እሱ ግን አንዴ ተያይዞታል፣ ነጻ ቦታ ፈልጌ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። እውነቴን ነው፣ ሲወጣ ደስ አለኝ።

ቦርሳዬን አስቀምጬ ወጥ ቤት ገባሁ። ማማ ባቺ አንድ ሳህን ዓሣ ገፋችልኝ። አጸዳሁት፤ በእርድ መረቅ ሠራሁት። ከዚያ ፓፔዳውን፣ እንደ ሙጫ የሚጎተተውን የሳጎ ገንፎ፣ በሁለት እንጨት ጠቅልዬ ሳላንጠባጥብ ሳህኑ ላይ አዞርኩት። ይህን ያስተማረችኝ የአባቴ መንደር የላቱሄሩ አክስቴ ናት፤ በየገናው እየሄድኩ ስንቴ ጠረጴዛ አበላሽቼ ተቆጥታኛለች። ማማ ባቺ እጄን አየች፣ ፊቴን አየች።

«ከየት ነሽ አንቺ?»

«ከአምቦን።»

«አይደለሽም። ይሄ እጅ የከተማ አይደለም» አለችና ሳቀች። ቀጥላም ነገ ገበያ አብረሽኝ ትሄጃለሽ አለችኝ። ሁሉም ነገር ኦቤት እንዳለው እየሆነ ነበር።

ይህን እያሰብኩ ሳለ የቀንድ አውጣው ዛጎል ተነፋ። ዛጎል የሚነፋው ሰው ሲሞት ወይም ትልቅ ነገር ሲመጣ ነው። ማማ ባቺ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። መንደሩ ሁሉ መሰብሰቢያው ዳስ ሥር ተኮልኩሏል። መሐል ላይ የመንደሩ ራጃ፣ አለቃው ማለት ነው፣ አያት ለማለት ቴቴ ኮርኔሊስ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ጥቁር ኮታቸውን ደርበው የአንድ ሰው እጅ ይዘው ያለቅሳሉ። ያ ሰው ኤፒ ነበር።

ቴቴ ኮርኔሊስ የሚሉትን ለመስማት ተጋፍቼ ቀረብኩ። በአያት ቅድመ አያቶቻቸው ዘመን የአማሄሉ ጀልባዎች ማዕበል ገልብጧቸው፣ የማይታወቁ ሰዎች ከባሕር አወጧቸው፤ የመጨረሻ ሳጎአቸውን አካፍለው፣ ከእንግዲህ ወንድማማች ነን ተባብለው ማሉ። በኋላ በጦርነት ሁሉም ተበታትኖ፣ የዚያች መንደር ስም ተረሳ። አማሄሉ ስትጠብቅ ኖረች። «ዛሬ» አሉ ቴቴ ኮርኔሊስ፣ «ይሄ ልጅ መጥቶ በሬን አንኳኳና እኔ ከላቱሄሩ ነኝ፣ ፔላችሁ ነኝ አለኝ።»

ፔላ እኛ አገር ጨዋታ አይደለም። ሁለት መንደር ፔላ ከተማማለ የሥጋ ወንድምና እህት ማለት ነው። አንዱ የሌላው ቤት ሳያንኳኳ ይገባል፣ ያለ ዋጋ ይበላል፣ ያለ ዋጋ ይተኛል፣ የጠየቀውን አይከለከልም። መጋባት ግን የለም። ይህን የጣሰ ልጁ ይሞታል፣ ጀልባው ይሰምጣል፣ ይባላል። በዚህ የሚቀልድ ሰው አላውቅም ነበር። ኤፒ ያለ ዋጋ የምትለዋን ብቻ አንጠልጥሎ ሄዶ ቀለደበት።

ማማ ባቺ ዞር ብላ አቀፈችኝ። ያጸዳሁት ዓሣ ሽታ እጇ ላይ ነበር። «ለካ የገዛ ልጃችን ነሽ» አለችኝ።

ኤፒን ኮሌታውን ይዤ ከዳሱ ጀርባ ወሰድኩት። ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም።

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«አልጋ አገኘሁ። ምግብም አለው። ሴትየዋ የጠራችውን ዋጋ አልሰማሽም?»

«ሽማግሌው እኮ እያለቀሱ ነው ኤፒ።»

«እሱ እኔንም ትንሽ ደንቆኛል» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «እሺ ግቡ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ለጥቂት ቀን አይደል? ከሄድን በኋላ ማን ያስታውሰናል?»

«የማማ ባቺ ልጅ ሊያገባኝ ነው።»

ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

«የትኛው ልጇ?»

«ኦቤት። ጀልባ ላይ የሚሠራው። ሁለት ዓመት አልፎናል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለአባባ ስለምትነግር።»

«እነግረዋለሁ እንጂ፣ አባታችን አይደል?»

ድንጋይ አንስቼ አለመወርወሬ ዛሬም ይገርመኛል። አሁኑኑ ሂድና ዋሽቼ ነው በላቸው አልኩት። እሺ ብሎ ሄደ። ጠበቅኩት፣ ጠበቅኩት፣ ሲቆይብኝ ልፈልገው ገባሁ። ከቴቴ ኮርኔሊስ አጠገብ የክብር ቦታ ላይ ተቀምጦ ጣቱን ይልሳል። ነገርካቸው ወይ ብዬ በጆሮው ሳንሾካሽክ፣ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ትልቁን ዓሣ አቀረቡልኝ፣ ዓሣ እየበላ ማን እንዲህ ያለ ነገር ያወራል፣ አለኝ። ወንድሜ ነው፣ ምን ላድርገው።

ስለዚህ በነጋታው ራሴ ሄድኩ። ቴቴ ኮርኔሊስ ቤታቸው በረንዳ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ይቅርታ ጠይቄ ሁሉንም አፈረጥኩት። ወንድሜ ዋሽቶዎታል፣ ስለ ጀልባዎቻችሁም ስለ ማዕበሉም የሚያውቀው ነገር የለም፣ የአልጋ ላለመክፈል ብሎ ነው፣ አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ በዕርጋታ አዩኝ።

«ልጄ፣ ሰው የአልጋ ላለመክፈል የሚለው ስንት ነገር አለ። ታመምኩ ይላል፣ ተዘረፍኩ ይላል። ወንድምሽ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ይሄን ለምን መረጠ?»

«ቀልቃላ ስለሆነ ነው ቴቴ።»

«አባቶቻችን በቀልቃላ አፍም ይናገራሉ» አሉኝ። «ለማንኛውም የእናንተን ራጃ እንጠይቃቸው። የለም ካሉ የለም ነው።»

ይህን ሲሉኝ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። በቃ፣ ተገላገልኩ አልኩ። የስልክ መስመር ያለው ኮረብታው ላይ ስለሆነ በቅርንፉዱ ዛፎች መሐል ወጣን፤ ግማሹ መንደር ተከተለን፤ ኤፒ ከኋላ እያለከለከ መጣ። ቴቴ ኮርኔሊስ ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ደወሉና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው ተረኩ። የላቱሄሩን ራጃ አውቃቸዋለሁ። ከጎረቤት መንደሮች ሁሉ ጋር በድንበር ተጣልተው ብቻቸውን የቀሩ፣ ደስታ ቤት ካልተጠሩ ደግሞ የሚታመሙ ሰው ናቸው። ይህን ያኔውኑ ማሰብ ነበረብኝ።

ስልኩ ውስጥ ነፋስ ብቻ ተሰማ። ከዚያ፣ «በመጨረሻ ደወላችሁ» አሉ የእኛ ራጃ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «አያቴ ይነግረኝ ነበር። ከባሕር ያወጣናቸው ወንድሞቻችን የት ገቡ እያለ ነው የሞተው።»

ሕዝቡ አለቀሰ። እኔ በየገናው ላቱሄሩ ስሄድ የሽማግሌ ተረት ያልሰማሁበት ምሽት የለም፤ ይህንን ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። እውነት ይሁን ያን ሰዓት የተፈጠረ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ ስልኩ ተጠግቼ ጮክ ብዬ ሚና ነኝ፣ የኤፒ እህት፣ ኤፒ እኮ ዋሽቶ ነው፣ አልኳቸው።

«ሚና» አሉኝ፣ «ትልቅ ሰው ሲነጋገር ጣልቃ አይገባም።» ቀጥለውም ሁለቱ ራጃዎች የፔላው ድግስ ዘንድሮ አማሄሉ ቢሆን፣ ላቱሄሩ በሚቀጥለው ዓመት ብትመልስ፣ የጀልባውን ወጪ ማን እንደሚችል፣ ይነጋገሩ ጀመር። ዞሬ ኤፒን አየሁት። አፉን ከፍቶ ቀርቷል። በሕይወቱ የዋሸው ነገር እውነት ሆኖበት አያውቅም።

ቁልቁል ስንወርድ ማማ ባቺ ቀስ ብላ ከሰው ለይታ አስቀረችኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት እጇን አንስታ ዝም አሰኘችኝ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ኦቤት ምስጢር ይዞ አያውቅም። ባለፈው ሲመጣ ቀለሟ እንዲህ፣ ቁመቷ እንዲህ የሆነች ልጅ ክፍል ልትከራይ ትመጣ ይሆናል፣ ቢሆንም እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ አለኝ። ምን ዓይነት ጅል ነው የወለድኩት እያልኩ ስጠብቅሽ ነበር።»

«ታዲያ ማማ፣ አንድ ነገር በሏቸው። እርስዎን ይሰማሉ።»

ማማ ባቺ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። «ወድጄሽ ነበር እኮ» አለችና አለቀሰች። በቁጣ ነው ያለቀሰችው፣ ጉንጯን እየደቃች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። ባሌንም ወንድሜንም የበላው ይህ ባሕር ነው፤ ኦቤትን የፔላ እህቱን አግብቶ ወደ ባሕር አልልክም፤ ልጄስ ልጄ ነሽ፣ በሌላ በር ገባሽ እንጂ፣ አለችኝ። እናት ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ፔላውን የሚያድሰው መሐላ ተደረገ። የባሕር ውሃ ጠብ ያለበት ሶፒ፣ የዘንባባ አረቄያችን፣ በአንድ ዋንጫ ተቀዳ፤ የአባቶች ጎራዴ ጫፉ ተነከረበት፤ ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከላቱሄሩ ገና ሰው ስላልመጣ የመንደራችን ወኪሎች እኔና ኤፒ ነበርን። ሲደርሰኝ ከንፈሬን ግጥም አድርጌ ዘግቼ ዋንጫውን ብቻ አስነካሁት፤ ማንም አላየኝም። አንድ ያልተቆረጠች ክር በእጄ አለች ብዬ ነበር። እኔ አልማልኩም፣ ነገሩ ውሸት ነው፣ ኦቤት ይህን ከሰማ ይበቃዋል፣ በጀልባው ይዞኝ ይሄዳል፣ ከፈለጉ ይርገሙን። ይህን እያልኩ ወደቡ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ጀልባው ከሰዓት በኋላ መጣ። ኦቤት ከሩቅ ሲያየኝ ሸሚዙን አውልቆ አውለበለበ። ገመዱን ሳያስር ዘሎ ወረደ፣ «ወደደችሽ?» አለኝ፣ ገና ከመድረሱ።

ነገርኩት። ከአግዳሚው ጀምሬ፣ ከለቅሶው ጀምሬ፣ ስለ ኤፒ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ሁሉም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ በተለይ ለቅሶ ቤቱ ጋ። ወደ መጨረሻው ላይ መሳቁን ተወ።

«እኔ አልጠጣሁም» አልኩት። «ከንፈሬን ዘግቼ ነው ያሳለፍኩት። እናውቃለን አይደል፣ ውሸት መሆኑን እኔም አንተም እናውቃለን። ጀልባው እዚህ ነው። እንሂድ።»

ወደ ባሕሩ አየ። ጸጥ ያለ፣ ምንም የሌለበት ባሕር ነበር።

«ማማ ጠጣች?»

«ጠጣች።»

«ወንድምሽስ?»

«ሁለቴ» አልኩ። «ነጻ ነው ብሎ።»

ሊስቅ ፈልጎ ነበር፣ አየሁት፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ደረቱን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ አለ። ትንሽ ነው ያፈገፈገው፣ አንድ ሰው ሳያስበው እንደሚያደርገው። እሱ ራሱ ሲያፈገፍግ አይቶ ደነገጠ።

«ውሸት ነው፣ አውቃለሁ» አለኝ። «ሚና፣ እኔ ግን የምሠራው ባሕር ላይ ነው። ማዕበል በተነሣ ቁጥር አንቺን አስባለሁ። በፍቅር አይደለም የማስብሽ ያኔ።»

ስድብ ፈለግኩ፣ ለእሱ፣ ለኤፒ፣ ለሁለቱ ራጃዎች። አንድም አልመጣልኝም። የሰው ሁሉ ቅጥፈትና እንባ ስቃወም ሰንብቻለሁ። የዚህ የአንድ ሰው ፍርሃት ግን ውሸት አልነበረም።

ከላይ፣ ከመንደሩ፣ ማማ ባቺ ምግብ ቀርቧል ብላ ተጣራች። ኦቤት ሸሚዙን መልሶ ለበሰ፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ድረስ አንድ በአንድ ቆለፈ። ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ጮኸ።

«መጣን ማማ። ከእህቴ ጋር ነኝ።»